መኪናዋን አስረሽ ውረጂ

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ካረጁ በኋላ በእኔ አውቶማቲክ መኪና ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስንሄድ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር።

አንድ ቀን ከማንኩሳ ወዲያ፣ ዳገት ላይ ካለች ቤተ ክርስቲያን ፊት አስቆሙኝ። ማርሹን የማቆሚያው ፒ ላይ ብቻ አድርጌ እግሬን ከፍሬኑ ሳነሳ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ሸርተት አለችና ቋ ብላ ቆመች። ጋሼ በሩን ሊከፍቱ የዘረጉትን እጅ መለሱ።

«ሰማሽ? ይህን ሁሉ ብረት በአንዲት የማርሽ ጥርስ አንጠለጠልሽው! እግርሽን ሳታነሺ ኒውትራል አድርጊና እጅ ፍሬን ሳቢ። ክብደቷን እሱ ሲይዝልሽ፣ ያን ጊዜ ፒ።»

ከዚያ ወዲህ የእጅ ፍሬኑን ድምፅ ሳይሰሙ ከመኪናዬ ወርደው አያውቁም።

«በይ አስረሻታል፤ አብረን እንሳለም» ይሉኛል።

«እርስዎ ይሂዱ ጋሼ፣ እኔ መኪናዋን ልጠብቅ።»

«እጅ ፍሬኑ ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው እየሳቁ ይወርዳሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የምጠብቀው ስልኬን እየነካካሁ ነበር።

አርባቸውን አውጥተን ስመለስ እዚያው ዳገት ላይ ቆምሁ። እጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ ፒ አደረግሁ፤ እንደ ልማዴም የጎኔ በር እስኪከፈት ጠበቅሁ። የሚከፍተው አልነበረም።

ስልኬን ወንበራቸው ላይ ትቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወረድሁ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።