ራሷን ፈልጋ ያጣች ሰው ፈላጊ

ኖኤሚ አሪዬታ ያን ቀን ጠዋት ላፕቶፗን ከፍታ ሰው መፈለግ ጀመረች። ሴት፣ በኮሎምቢያ የባራንኪያ ከተማ ነዋሪ፣ ሠራተኛ በመቅጠር ሥራ ላይ የቆየች፣ በስልክ አነጋገሯ የሚወደድላት። ቃላትን እያጣመረች ከኢንተርኔት ውስጥ ሰው ማውጣት ሙያዋ ነው። ፍለጋዋ ብዙ ሴቶችን አመጣላት። አንዷ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ ሌላዋ ወደ ቺሊ ሄዳለች፤ አንዷ ደግሞ ከሞተች ሰንብታለች፤ ገጿ ግን እስካሁን «ሥራ እፈልጋለሁ» ይላል። የምትፈልጋት ሴት አልወጣችም። የምትፈልገው ራሷን ነበር።

«ይቺ ሴትዮ የለችም» አለች።

«ማን ናት እሷ?» አሉ አባቷ ዶን አኒባል ከተወዛዋዥ ወንበራቸው ላይ ሆነው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል።

«እኔ።»

«እንግዲያው ወጥ ቤት ፈልጊያት። አሁን ብርጭቆ ስትሰብር ሰምቻታለሁ።»

ኖኤሚ ለብዙ ዓመታት የሠራችው ወንዙ ዳር ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ለስልክ ጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ስትመለምል ነበር። የእሷ ድርሻ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። ደውላ ታነጋግራለች፤ የወደደችውን ለሌሎች ታስተላልፋለች፤ ፊቱን ግን አታይም። ከተማው ውስጥ ስትሄድ አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው ሲስቅ ትሰማና ታውቀዋለች፤ እሱ አያውቃትም። ጥቅምት ላይ ቢሮው ተዘግቶ ሥራው ወደ ሌላ አገር ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ቦጎታ ያለ አንድ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ሊያደርግላት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ሥራው ባለሙያ ማፈላለግ ነው። ሥራ ፈልጎ ከመጣው መምረጥ ሳይሆን፣ ያልመጣውን፣ በያዘው ሥራ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠውን ሰው አግኝቶ ማነጋገር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤት የሚሠራ ነው። ቀን ቀን ከአባቷ ጋር ትውል የነበረችው አክስቷ ኅዳር ላይ ሞታለች። ወንድሟ ኤልኪን ከቦጎታ ደውሎ «ቀኑን ሙሉ ቢሮ ከዋልሽ አባባ ብቻውን ሊሆን አይችልም። እሁድ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሏታል። ክፋት አልነበረበትም። ትክክል መሆኑ ነው ያስቸገራት። እስካሁን ያገኘቻቸው ሥራዎች በሙሉ ጠዋት አስወጥተው ማታ የሚመልሱ ናቸው።

ታኅሣሥ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ባራንኪያን ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል። ዶን አኒባል ሰዓቱን የሚያውቁት በዚህ ነፋስ ነው። የማንጎውን ቅጠል ሲያንኮሻኩሽ ጠዋት ነው፤ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ቀትር፤ የትምህርት ቤት ልጆችን ጩኸት ይዞ ሲመጣ ምሽት ሊቃረብ ነው። ቦጎታ አንዴ ሄደው ነበር። «እዚያ አየሩ ዝም ይላል» አሉ ሲመለሱ።

ረቡዕ ፀሐይ ሲበርድ እንደ ወትሮው ወንበሮቹ ከቤት ወጥተው በረንዳው ላይ ተደረደሩ። የጎረቤቷ የኦዳሊስም ወንበር መጣ። ኖኤሚ የኦዳሊስን ልጅ ክርስትና አንስታለች፤ ስለዚህ እህትማማች ያህል ናቸው፤ እንደ እህትማማችም ይሰዳደባሉ። ኦዳሊስ አሬፓ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት። ያን ምሽት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ ለነገው ልምምድ እንዲሆን ጠያቂ ሆነች።

«እሺ ወይዘሮ አሪዬታ፣ እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩኝ» አለች እንደ ቦጎታ ሰው ድምጿን አለስልሳ።

«ብዙ ሰው አስቀጥሬያለሁ። ሊባርዶ የሚባል ልጅ ነበር፤ ሲናገር ይንተባተባል፤ ሲዘፍን ግን አይንተባተብም። ታዲያ ደንበኛ ሲቆጣበት በዜማ…»

«ስለ ሊባርዶ ማን ጠየቀሽ?»

«ቆይ። ከሶሌዳድ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ…»

«ሕዝብ ቆጠራ ነው እንዴ!» አሉ ዶን አኒባል።

በመንገድ የሚያልፈው ሎተሪ ሻጭ ቆም አለ። «ምን ላይ ናችሁ?»

«ቃለ መጠይቅ» አለች ኦዳሊስ።

«እኔንም ጠይቂኛ!»

«አንተን ማን ይቀጥርሃል? ዕድል እየሸጥክ ለራስህ አንድ እንኳ አላስቀረህም!»

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ኦዳሊስ መነጽሯን አውልቃ የኖኤሚን ጉልበት መታ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ምላስሽን እሰሪ። ጠያቂዋን "የማን ልጅ ነሽ?" እንዳትያት።»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«ትላንት የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ጠይቀሽዋል።»

እውነት ነው። በዚህ የባሕር ዳርቻ ያለዚያ ጥያቄ ጨዋታ አይጀመርም። የማን ልጅ እንደሆንክ ሳይታወቅ ውሃ እንኳ አይቀዳልህም። ድርጅቱ በላከላት መመሪያ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሰፈር መጠየቅ ክልክል ነው።

ሐሙስ ቃለ መጠይቁ ከሰዓት በኋላ ነበር። ምሳ ከበሉ በኋላ ኖኤሚ ጓሮ ባለው ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ ላይ ጋደም ብላ መልሶቿን በቃሏ ስትል እንቅልፍ ወሰዳት። መንገዱ በሰው ተሞልቶ አየች። ሰው ይባል እንጂ ድምፅ ብቻ ነው፤ ባለፉት ዓመታት የደወለችላቸው ሁሉ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው፣ ልብስ እንደሚያደርቅ ነፋስ ቀስ ብለው ያልፋሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና «አንቺስ? ስለ ራስሽ ንገሪን» ይሏታል። አፏን ስትከፍት የሚወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። አንዴ የሊባርዶ፣ አንዴ የማታውቃት አሮጊት። ድምፆቹ አልፈው እስኪያልቁ ድረስ ፈለገች፤ የራሷን አላገኘችም። ስትነቃ የጎረቤት ቆርቆሮ ይንኳኳል።

ላፕቶፑን መኝታ ክፍሏ ውስጥ አስቀመጠች። ዶን አኒባል ከመጋረጃው ወዲያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ ፒዬዳድ ጋልቪስ የምትባል፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች ሴት ብቅ አለች። ከኋላዋ መስኮቱ ላይ ዝናብ ይወርዳል። ስለ ራሷ እንድትናገር ስትጠይቃት ኖኤሚ ያጠናችውን አንድም ሳታጎድል ተናገረች። ቃላቱ ልክ ነበሩ፤ ግን ስለ አንድ ዕቃ የወጣ ማስታወቂያ ይመስሉ ነበር። ፒዬዳድ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ ምንም አልጻፈችም።

«አሁን እኔ የወተት ፋብሪካ መሐንዲስ ነኝ እንበል» አለች ፒዬዳድ። «ሥራዬን እወደዋለሁ፤ መቀየርም አላሰብኩም። ይደውሉልኝ።»

ኖኤሚ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ድምፅዋ ወዲያው ሌላ ሆነ፤ ሞቅ ያለ፣ ያልቸኮለ። ስለ ማሽኖቹ ጠየቀች፤ በአንዱ መልስ ሳቀች፤ በአዲስ ፋብሪካ ያለውን የሥራ መደብ አስረዳች። «መሐንዲሷ» ግን «አመሰግናለሁ፣ እዚሁ ደህና ነኝ» አለች። በዚያ «ደህና ነኝ» ውስጥ አንድ የሳሳ ቦታ ነበረ። ኖኤሚ ሰማችው፤ ጆሮዋም ከአእምሮዋ ቀደመ።

«የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት?»

ከመጋረጃው ወዲያ ወንበሩ መወዛወዙን አቆመ።

«ወይዘሮ አሪዬታ፣ ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ አይጠየቅም።»

«አውቃለሁ። አመለጠኝ።» ፊቷ ጋለ። «ግን ሰው አልፈልግም ሲል ብዙ ጊዜ ሥራውን ጠልቶ አይደለም። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አለ። እሱ ማን እንደሆነ ካላወቅሁ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው።»

«ይገባኛል። ቀጣሪዎች የአባቱን ስም ሰምተው ስልኩን የሚዘጉበት ሰውም አለ።»

ኖኤሚ ለሌሎች ያስተላለፈቻት አንዲት ልጅ ትዝ አለቻት፤ የቀድሞ ቢሮዋ አለቃ የልጅቷን ቤተሰብ ስም አይቶ ከንፈሩን አጣሞ ነበር። ሁለተኛ አልተደወለላትም። «አዎ» አለች። «አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ መንገድ ይፈልጉ። መሐንዲሷ አሁንም ስልኩ ላይ ናት።»

ነፋሱ መጋረጃውን አነሣና መለሰው። ኖኤሚ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«እሺ ቢሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «መጀመሪያ ለማን ይነግሩታል?»

ፒዬዳድ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ለእናቴ» አለች። «እራት የምበላው እሷ ጋ ነው።» ይህን ያለችው መሐንዲሷ ትሁን ፒዬዳድ አይታወቅም።

«በሉ ማሽኑን እንተወው፤ ስለ እራቱ እናውራ። ከአዲሱ ፋብሪካ ወጥተው ለእራት ይደርሳሉ ወይ?»

ፒዬዳድ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «እርስዎስ ይህን ሥራ ለምን ፈለጉት?» አለች።

ለዚህም የተጠና መልስ ነበራት። አልመጣላትም።

«አባቴ ዓይነ ስውር ነው። ከቤት የሚሠራ ሥራ ካላገኘሁ እሁድ ወንድሜ ይወስደዋል። እኔ የምችለው ሰው ማዳመጥ ነው፤ ሌላ ብዙ የምችለው ነገር የለም። ቤት ውስጥ የማዳምጠው ሰው ከሌለ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

ተናግራ ስትጨርስ ድምፅዋ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። የራሷ ነበር፤ ካሰበችው ይልቅ ወፍራም።

«እናሳውቅዎታለን» አለች ፒዬዳድ። ኖኤሚ ይህን ቃል ራሷ ለስንት ሰው ብላዋለች። እሺም እምቢም ማለት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች።

ዓርብ ስልኩ ዝም አለ። ኦዳሊስ አሬፓ ይዛ መጥታ ጥያቄው ማምለጡን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አሥሬ ነግሬሽ! ሰው እንዴት ይህን ያህል ደደብ ይሆናል፣ እህቴ?» ብላ ስታበቃ ትልቁን አሬፓ ሰጠቻት። ማታ ኖኤሚ ዶን አኒባልን ለጉዞ ልብሳቸውን ራሳቸው እያጣጠፉ አገኘቻቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒዬዳድ ደወለች። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ፤ ሰኞ መጀመር። «ያቺ ጥያቄ ግን ከእንግዲህ የለችም» አለች።

«የለችም።»

ኤልኪን እሁድ መጣ፤ ሥራ ማግኘቷን ሲሰማ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ይቆጣ ወይም እፎይ ይበል አልለየለትም። ለአባቱ ለቦጎታ ብርድ የሚሆን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ገዝቶ ነበር። ዶን አኒባል በእጃቸው ዳበሱት፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ ልጃቸው ደስ እንዲለው በዚያ ሙቀት ለብሰውት በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ላቡ በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ይወዛወዛሉ። ኤልኪን ጥቂት አያቸውና ሳቁ አመለጠው። ተነሥቶ ቁልፎቹን ይፈታላቸው ጀመር።