ከወተት ቆርቆሮ የሠራናት ባቡር

መካነ ሰላም ፊዚክስ ሳስተምር፣ ከእኔ በፊት የነበረ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ ያረጀ ካላንደር ነበረኝ። አንዱ ገጽ ላይ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ቀይ ሎኮሞቲቭ በረዶ የለበሰ ተራራ ትወጣለች። ሐዲዷ ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ሌላ ሐዲድ አለ። ባቡሯ በጥርሳም ጎማዋ እሱን እየነከሰች ነው ሽቅብ የምትሄደው።

በረሃቡ ጊዜ ያን ገጽ በየቀኑ አየው ነበር። እህል የጫኑ መኪኖች ከአቀስታ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው ሳሉ፣ ከወግዲ በኩል በእግራቸው የመጡ ሰዎች ትምህርት ቤታችን በረንዳ ላይ ሞቱ። አንዷን እናት በገዛ ነጠላዬ ገንዤ ቀብሬያታለሁ። ያን ቀን አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ።

ገበያ ውስጥ ኩራዝ ወደሚሠሩ ሽማግሌ ሄጄ ካላንደሩን አሳየኋቸው።

"አባባ፣ ይህችን በትንሹ እንሥራት።"

"ለምን ትሆንሻለች፣ ልጄ?"

"ተራራ መውጣት እንደሚቻል ለተማሪዎቼ ላሳይባት።"

"ወላሂ እንሠራታለን!" አሉ።

አካሏን ከእርዳታ ወተት ቆርቆሮ፣ ሞተሯን ከተበላሸ የሸክላ ማጫወቻ፣ ጥርሳም ጎማዋን ከደወል ሰዓት አወጣን። ለመሐለኛው ሐዲድ የፕላስቲክ ሚዶዎች ጣውላ ላይ ደረደርን። ኃይሏ የሬዲዮ ባትሪ ነበር።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ አንድ ወጣት ካድሬ ትምህርት ቤቱንና የከተማውን ሰው ሰብስቦ ባቡሯን ከነጣውላዋ ከፊቱ አስቀመጣት።

"ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ አንቺ የመኳንንት ልጆች መጫወቻ ትሠሪያለሽ! በይ፣ በገዛ እጅሽ ስበሪያት።"

"አልሰብራትም" አልኩት። "ሕዝቡ ሲያልቅ እህሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነበር። የድሮዎቹ ገዥዎች መንገድ አልሠሩልንም። እናንተስ መቼ ትሠራላችሁ?"

የጣውላውን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጌ ሽቦውን ከባትሪው አገናኘሁ። ባቡሯ መሐል ላይ ተንሸራተተች፤ ካድሬው ሳቀ። ጥርሷን ከሚዶው አስተካክዬ ለቀቅኳት፤ እየተንገጫገጨች ጫፍ ደረሰች። ተማሪዎቼ ሲያጨበጭቡ ካድሬው በጫማው ጨፈለቃትና እንድታሰር አዘዘ።

"ቆርቆሮው የእኔ ነው፤ እኔንም እሰሩኝ!" ብለው ኩራዝ ሠሪው ሽማግሌ ከሰዉ መሐል ተነሱ።

ሁለታችንንም ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች አሰሩን። "ጥፋቴን አምኛለሁ" የሚል ወረቀት አመጡልኝ፤ አልፈርምም አልኩ። ከግድግዳው ማዶ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፦ "ልጄ፣ እኔም አልፈረምኩም!"

በሳምንቱ የተማሪ ወላጆች፣ ቄሱም ሼሁም አብረው፣ መጥተው አስፈቱን።

ሁለተኛዋን ባቡር የሠራናት በገበያ ቀን፣ ሰው እያየን ነበር። ካድሬው በዚያ ሲያልፍ ቀና ብዬ "ደህና ዋልክ?" አልኩት። እጄ ግን ከሥራው አልተነሣም።