የወለቴ ካንዴላ

ወለቴ ካንዴላዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትዞረው። ጫኖ መንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚስቅባትም የለም፣ ሌሎቹ አምስት ባለ ማሳዎችም የየራሳቸውን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። የውሃ ፓምፑ የስድስቱ የጋራ ነው፤ የሞተሩን እሳት የሚጭረው ካንዴላ ግን ለየብቻ። ተራው የደረሰው የራሱን አስሮ ሙዙን ያጠጣል፣ ሲጨርስ ፈትቶ ይወስዳል፣ ለሌላው አያሳይም። እንዲህ ያለ እብደት ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝ።

የጀመረችው እሷው ናት። የዛሬ አራት ዓመት አዲስ ካንዴላ ገዝታ ለሁሉም አስገጠመች፤ በሳምንቱ ሲፈታ ጥላሸት ለብሶ ተገኘ። ከእሷ ቀጥሎ ያጠጣው ጎረቤቷ ኦይታ ነበር።

«አዲሱን ወስደህ አሮጌህን ከተትክልኝ! ሌባ!» አለችው፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ምእመኑ ሁሉ እየሰማ።

ኦይታ ማለ፣ ተማጸነ፣ ሽማግሌ ላከ። ሁለት ጊዜ መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ማንንም አላመነም።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። አምስቱ አጠጥተው ጨረሱና የወለቴ ተራ ደረሰ። ሙዟ ዘለላ አውጥቶ ውሃ ውሃ ይላል። ካንዴላው ግን አልይዝ አለ፤ ብታጠብቀው ዝም ብሎ ይዞራል። አበጋዝ የሚባል መካኒክ ከአርባ ምንጭ ተጠርቶ መጣ። ስድስቱም እየተገላመጡ ከበቡት።

«ካንዴላ በዓመት አንዴ ይቀየራል አልኳችሁ እንጂ በየቀኑ ይፈታል አልኩ?» ብሎ ጮኸ። «የሚታሰርበት ጥርስ ተበልቶ አልቋል። ቶርኖ ቤት ይገባል፣ አስር ቀን ይፈጃል።»

የወለቴ ሙዝ አምስት ቀንም አይጠብቅም።

«ኦይታ ነው የጨረሰው!» አለች። ሌላ ስም አፏ ላይ አይመጣላትም።

አበጋዝ የስድስቱንም ካንዴላ ተቀብሎ ጆንያ ላይ ደረደረ። አምስቱ ከሰል መስለዋል። የእሷ ብቻ ያብለጨልጫል። አንስቶ አገላበጠው።

«እትዬ ወለቴ፣ ይሄ ሞተር ዘይት ይበላል። አዲስ ቢያስገቡበትም በሳምንቱ ይጠቁራል። የእርስዎ እንዴት ነጣ? ይፍቁታል እንዴ?»

ወለቴ ትፍቀው ነበር። በየተራዋ፣ ከጓሮ፣ ሰው በማያይበት፣ በብርጭቆ ወረቀት። ካንዴላው በራሱ እንደሚጠቁር ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ታውቃለች። ሌባ ያለችበትን አፍ ለይቅርታ መክፈት ግን ሞት ሆነባት።

«ታውቂ ነበር» አላት ኦይታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አራት ዓመት ሙሉ፣ ልጆቼ የሌባ ልጆች ሲባሉ፣ ታውቂ ነበር።»

ካንዴላዋን ከአበጋዝ እጅ ነጥቃ ቋጠረች። ከዚያ ጀሪካን አንስታ ወደ ወንዙ ወረደች። ከወንዙ እስከ ማሳዋ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፣ ማሳው ደግሞ ግማሽ ሄክታር ነው። እስኪመሽ ተመላለሰች። አምስቱም በራፋቸው ላይ ቆመው አዩዋት፤ ጀሪካን ይዞ የተከተላት ግን አንድም አልነበረም።