የጎበጠው ሸክላ

ቅዳሜ፣ በምኖርበት ፈረንጅ አገር ማይን ወንዝ ዳር ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁትን የሙዚቃ ሸክላ ከወረቀቱ ሳወጣ፣ ከእናቷ ተጣልታ እኔ ዘንድ የሰነበተችው የልጅ ልጄ ሃና ገልመጥ አደረገችው።

«ኦማ፣ ካፑት፣ የተበላሸ እኮ ነው! ጎብጧል።»

እኔን ግን የአቧራና የሰም ሽታው አሥመራ ወስዶኝ ነበር። አባባ በአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ሲሠራ፣ ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚተዉትን ሸክላ ይሰበስብ ነበር። የሚወደው ከትልልቅ ባንዶች ጋር የሚዘፍኑትን ሴቶች ነው። ቃላቸው ባይገባውም የት ላይ እንደሚተነፍሱ ያውቃል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ላስደስተው ብዬ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ሸክላ አጠብኩና እንደ ልብስ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። ስመለስ እንደ ደረቀ ቆዳ ጎብጣ ጠበቀችኝ። አባባ ለቅሶዬን ሰምቶ ወጣ። ሳይቆጣ ሁለት የመስኮት መስታወት አመጣና ሸክላዋን መሃላቸው አድርጎ እዚያው ፀሐይ ላይ መልሶ አስተኛት።

«አባባ፣ ያጎበጣት እኮ ፀሐይ ነው!» አልኩት።

«ያኔ ብቻዋን ነበረች» አለኝ። «አሁን የሚይዛት አለ።»

ስለ ሸክላዋ ብቻ የተናገረ መስሎኝ ነበር።

ሃናን ሁለት መስታወት አስያዝኳትና የገዛሁትን ሸክላ መሃላቸው አድርገን ጊንሃይም ባለው ቤቴ ባልኮን ፀሐይ ላይ አብረን አሰጣነው። ወደ ማታ ስናጫውተው ሸክላው ላይ ያለችው ዘፋኝ ድምጿ ሳይወላገድ ዘፈነች። ሃና ስልኳን አንስታ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሥራ ላይ ላለችው እናቷ ደወለች።

«ማማ፣ አትዝጊው» አለችና ስልኩን ወደ ሸክላው አስጠጋችው።