ትልቁን ማሽን ያዢ

ባለፈው ሳምንት ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ በባጃጅ ስንሄድ የአክስቴ ልጅ የታምራት ስልክ ጮኸ። መልእክት ነው። ታምራት ለመስቀል ከጆሃንስበርግ ከመጣ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ሳያየው ወደ እኔ ዘረጋው።

«አስቱ፣ አንብቢልኝ» አለ። «ክፉ ከሆነ ግን እዚህ አትንገሪኝ። ቤት ስንደርስ።»

ሁለት ሱቅ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ዓይኑም ጤነኛ ነው። ይህን ልማድ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ቆሽቴ ያርራል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሆሳዕና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ተቀጥሬያለሁ፤ ባለሙያ ይባል እንጂ ቀኔ የሚያልፈው ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት በመጎተት ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ግን ነፍሴ ነው። ትንሽ ትዕቢትም ነበረብኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ቅዳሜ የትውልድ ከተማዬ የጃጁራ እድር ጸሐፊ አቶ ዴታሞ አስጠሩኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለአዋቂም ሲናገሩ አራተኛ ክፍል እንደሚያስተምሩ ቀስ ብለው ነው። የነገሩኝን ችግር አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከየቤቱ አንድ ሁለት ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚህ እናት ስትሞት እዚያ ያለው ልጅ ወሬውን ፌስቡክ ላይ ያየዋል፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ብቻውን።

«መርዶ እንዲህ አይነገርም» አሉኝ። «ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቱ ድረስ ተኪዶ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። አንቺ ልጅ፣ ለሁሉም በስልክ የሚደርስ ነገር ሥሪልን። የሟች የቅርብ ሰው ከሆነ ግን የሱ መልእክት ይቆይ። ጓደኞቹ ሄደው እስኪነግሩት ድረስ አይሂድበት። ይህቺን ብቻ አደራ።»

«ቀላል ነው ጋሼ» አልኩ። ቀላል!

ፕሮግራሙን ጽፌ ጨረስኩ። ጣጣው የሚቀመጥበት ማሽን ነበር። የኔ መሥሪያ ቤት መብራት ከሚኖርበት የማይኖርበት ይበዛል፤ ስለዚህ ከውጭ ኩባንያ ሰርቨር መከራየት ግድ ሆነ። የኔ የባንክ ካርድ ለውጭ ክፍያ አይሠራም። ያኔም ጆሃንስበርግ የነበረው ታምራት የራሱን ሰጠኝ። ታዲያ ክፍያው በተሞከረ ቁጥር የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው እሱ ስልክ ላይ ነው። እኔ ኔትወርክ ፍለጋ የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሱ ለደንበኛ ዳቦ ይቆርጣል። «ኮዱ መጣ፣ ጻፊ!» ብሎ ቁጥር ሲጀምር መስመሩ ይቋረጣል። መልሼ ሳገኘው የኮዱ ጊዜ አልፏል። አራት ቀን! አንድ ማሽን ለመከራየት አራት ቀን ሙሉ ስንጯጯህ ከረምን።

አንድ ነገር ላስረዳ፤ ኋላ የሚያስፈልግ ስለሆነ ነው። መረጃን በሜሞሪ ላይ ብቻ የሚይዝ ማስቀመጫ አለ። ዲስክ ላይ ስለማይጽፍ ፈጣን ነው፤ ስትጠይቀው አፍታም ሳይቆይ ይመልሳል። ከጠፋ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ኩባንያው ራሱ እያስተዳደረ የሚያከራየው ዋጋው አይቀመስም ነበር። ስለዚህ ባዶ ማሽን ተከራይቼ ማስቀመጫውን በገዛ እጄ ልጭነው ወሰንኩ።

«ትልቁን ማሽን ያዢ» አለኝ ታምራት። «በኔ ካርድ ነው፤ ምን አስጨነቀሽ?»

አስጨነቀኛ! ሱቁ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ እንደሚተኛ አውቃለሁ። በዚያ ላይ እናቱ፣ ጃጁራ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው አክስቴ ዘነበች፣ ባገኘችኝ ቁጥር ክንዴን ጨብጣ «አስቱዬ፣ ልጄን ገንዘብ አታስወጪብኝ» ትለኛለች። ከሁሉም ትንሹን ማሽን ያዝኩ።

ማስቀመጫው የያዘውን በየጊዜው ወደ ዲስክ እንዲገለብጥ ማድረግ ይቻላል። ሲገለብጥ ግን ለአፍታ ተጨማሪ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ያቺ ሚጢጢ ማሽን ደግሞ ያኔ ትንፋሽ ያጥራታል። ሦስት ጊዜ ወደቀችብኝ። በሦስተኛው ደሜ ፈላና መገልበጡን ዘጋሁት። ቀጥ ብላ መሥራት ጀመረች! እኔም ያን ቀን ራሴን ቆጮ በክትፎ ጋበዝኩ፤ የሰው ገንዘብ ያዳንኩ ጎበዝ ነኝና።

በዚያ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ቶሎ እንዲከፈት ብዬ፣ ከመልእክቱ ጋር የሚላከውን የሟች ፎቶ ገጽ ቅጂ አኖራለሁ። ሌላ የትም ያልተጻፈው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማን መልእክት ይቆይ የሚለው። ስም ዝርዝሩና መልእክቱ ዲስክ ላይ ናቸው። ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ያልተላከ መልእክት ያነሳና «ይህ ሰው ይቆይ ተብሏል?» ብሎ ማስቀመጫውን ይጠይቃል። ተብሏል ካለው ያልፈዋል። ዝም ካለው ይልካል።

ስምንት ወር ያለ እንከን ሠራ። አቶ ዴታሞ በየስብሰባው ሲያመሰግኑኝ አንገቴ ረዘመ።

ሐምሌ ላይ አክስቴ ዘነበች ሁለት ቀን ታማ ሞተች።

ጠዋት እያለቀስኩ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታምራት ይቆይ ብዬ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። እዚያ ያሉ ጓደኞቹ፣ የሾኔ ከተማ ልጆች፣ ሱቁን ሲዘጋ ጠብቀው ሊነግሩት ተስማምተዋል። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ተይዟል። ከዚያ ወደ ጃጁራ። ዝናቡ መንገዱን አቡክቶት ባጃጁን ወርደን ገፋን፤ ነጠላዬ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆነ።

አፈር ሲመለስ ስልኬ ጠራ። ታምራት ነው። ምንም እንደማያውቅ ሰው ላናግረው ብዬ ከእንሰቱ ጀርባ ሄድኩ።

«አስቱ» አለ። «ቀበራችኋት?»

ስልኩን ሳልዘጋ ከጆሮዬ አወረድኩት። ከዚያ ደግሞ፣ አሁን ሳወራው ያሳፍረኛል፣ ንዴት አናቴ ላይ ወጣ። ወደ ሰዉ ተመልሼ አቶ ዴታሞን በሐዘንተኛ ፊት ጮህኩባቸው። «ማን ነው የነገረው? አንድ ቀን እንኳ አፋችሁን መያዝ አቃታችሁ?» ሽማግሌው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ልጄ፣ ማን ነገረህ?» አሉት። ሰሙ። ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው በጆሮዬ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «መልእክት ነው የደረሰው። የእድሩ» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲታደል እኔ በስልኬ ሰርቨሩን ከፈትኩ። ገበያው ሁሉ አክስቴን ያውቃታል። መልእክቱ የደረሰው ሁሉ ፎቶዋን የለጠፍኩበትን ገጽ ሲከፍት ሜሞሪው ሞላ፤ ገጹም የነበረው እዚያችው ማሽን ላይ ነው። ማሽኗ ደግሞ ስትጨናነቅ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮግራም ትዘጋለች። ማስቀመጫውን ዘጋችው። ወዲያው ራሱ ተነሳ፤ ባዶውን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ፕሮግራሜ «ታምራት ይቆይ ተብሏል?» ብሎ ጠየቀ፤ ማስቀመጫው ዝም አለ፤ ላከለት።

ኋላ እንደነገረኝ፣ መልእክቱ ሲገባ አንዲት ሴትዮ ዳቦ ልትገዛ ቆማ ነበር። አንብቦ ዳቦውን ሰጣት፣ መልሷንም ሰጣት፣ በደህና ግቢ አላት። ከዚያ ደግሞ አነበበው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ካለፈ ዓመታት ሆኑ፤ እኔም ሽበት ጀምሮኛል። ይቆይ የሚለው ዛሬ ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ማስቀመጫው ለብቻው ማሽን አለው፣ ትልቅ ማሽን። ከፋዩ አሁንም ታምራት ነው። አቶ ዴታሞን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አንስተው ሳሙኝ። ታምራት ግን አንድም ቀን «ትልቁን ያዢ ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ እኮ ይወጣልኝ ነበር! የቆጠብኩት ለሱ ብዬ ነው። እናቱ ክንዴን ጨብጣ የለመነችኝን ነው የፈጸምኩት። ይሄ ነው የማይዋጥልኝ፤ በክፋት ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር።

ባጃጁ ውስጥ መልእክቱን ከፈትኩት። የስልክ ጥቅል ግዙ፣ ቅናሽ አለ የሚል ማስታወቂያ ነው።

«ማስታወቂያ ነው» አልኩት።

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

ትንፋሹን ለቀቀና ወደ ውጭ፣ ወደ አደይ አበባው አየ። ስልኩን ልመልስለት ብዘረጋ እጄን ገፋው።

«ይሁን፣ አንቺው ያዢው» አለኝ።

ጃጁራ እስክንደርስ በሁለት እጄ ይዤው ሄድኩ።