በቅበላ የጣድኩት የበሬ እግር

ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ የማውቀው ኮላ ማብሰል ነው። ኮተቤ ሆኜ ከቆዳ ቁርጥራጭ፣ ከጅማትና ከበሬ እግር ኮላ እያወጣሁ ለአናጢዎች እሸጥ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በፕላስቲክ የሚመጣው ነጭ ኮላ ገበያውን ወሰደው። እሱ አይሸትም፣ እሳትም አይፈልግም። ጎረቤት ተገላገለ። እኔ ግን ድስቴን አልጣልኩም።

ባለቤቴ ቦኖው ጋ አዳልጧት የወደቀችው ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላ ቅዳሜ ነው። ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሰራትና፣ «የእግር መረቅ ያጠጧት፤ አጥንት የሚገጥመው እሱ ነው» አለኝ።

እግር እንደሆነ ሞልቷል። በቅበላ እሁድ ሰው ሁሉ አርዶ እግሩን ከደጁ ይጥለዋል። በጆንያ ለቀምኩ፣ ፀጉሩን ለበለብኩ፣ ሰኮናውን አውልቄ ጣድኩት። እግር ግን ችኮላ አይወድም። እሳት ከበዛበት ጉልበቱ ይጠፋል። መረቁ ጣትን ከጣት ሲያጣብቅ ነው ደረሰ የሚባለው። ሲደርስ ሰኞ ነግቷል፤ ጾም ገብቷል።

ኩባያውን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ።

«ምንድነው?»

«መድኃኒት።»

«ይሸተኛል መድኃኒትህ። ትናንት የት ነበር?»

«እሳት ላይ።»

«እንግዲያው እስከ ፋሲካ እዚያው ይቆይ።»

የነፍስ አባቷን ጠርቼ አመጣሁ። «ልጄ፣ ለታመመ ይፈቀዳል፤ ጠጪ» አሏት። መስቀላቸውን ተሳልማ «እሺ አባቴ» አለች። እሳቸው ከበር ሲወጡ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ ጠጣው። ላንተ ኃጢአት አዲስ አይደለም።»

ግትር ነህ የሚሉኝ ሰዎች እሷን አላዩም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አፍ በግድ ተፈልቅቆ አይጠጣም። መረቁ ሲበርድ በቢላ የሚቆረጥ ሆኖ ረጋ። ምን ላድርገው፤ መልሼ ጥጄ አወፈርኩት፣ ጣውላ ላይ አፍስሼ አደረቅኩት፣ ኮላ ሆነ።

ለፋሲካ ሌላ እግር ቀቅዬላት ደጋግማ ጠጣች። አጥንቱ ግን እስከዚያ አልጠበቀም፤ ተጣሞ ገጥሟል። ወጌሻው ዳብሶ፣ «ምርኩዝ ሥራላት» አለኝ።

ምርኩዝ ሠራሁላትና መያዣውን በዚያው ኮላ አጣበቅኩት። ይሄ ኮላ ውሃ አይችልም። «በዝናብ ይዘሽው አትውጪ» እላታለሁ፤ እሷ ክረምት ከበጋ ቤተክርስቲያን መሄድ አትተውም። አናጢዎቹ «ነጩን ቀባውና ተገላገል» ይሉኛል። አልቀባም። በስብሳ ስትመለስ መያዣው ይወዛወዛል። እሷ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ እኔ ኮላውን አሞቃለሁ።