አክስቴን ከመንገድ ያስቀረኋት እኔ ነኝ

ይህን እናቴም አታውቀውም። አብራኝ የምትማረው፣ ምስጢር የማልደብቃት ጓደኛዬም አታውቀውም። ለሰው ቀርቶ ለራሴም ድምፄን አውጥቼ ብዬው አላውቅም። ዘንድሮ፣ አስረኛ ክፍል ገብቼ መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ስለ ሐይቁ ጽፌያለሁ፣ ስለ ውጫሌ ገበያ ጽፌያለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያምርልኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ይህን ግን በጎን በጎኑ እየዞርኩ አለፍኩት። እናንተ የምታነቡ፣ እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ። አክስቴን ዋሽቻታለሁ። ዋሽቼ ከመንገድ አስቀርቻታለሁ።

እናትና አባቴ ያሉት አምባሰል ገጠር ነው። እኔ ለትምህርት ብዬ ሐይቅ ከተማ ከአባቴ እህት፣ ከአክስቴ ሞሚና ጋር እኖራለሁ። አክስቴ ጨርቅ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ ትውልና በባጃጅ ትመለስ ነበር። ሻይዋ ስኳሩ ከሥሩ የሚቆም ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስኳር እንዳለባት ነገሯት። ኪኒን ሰጧትና ክብደትሽን ቀንሺ፣ ተራመጂ፣ ጣፋጭ ተዪ አሏት። ቤት ስትገባ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና፣ "ትልቁን ነገር እኔ አልችለው። ትንሽ ትንሹን ግን ማን ይከለክለኛል?" አለች።

እውነትም ትንሽ ትንሹን ያዘች። ከሻይዋ ስኳሩን በማንኪያ በማንኪያ ቀነሰች። የስኳሩን ጣሳ ለእኔ ሰጥታ፣ "ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ" አለችኝ። ትሪ ሲቀርብ የምትበላውን አስቀድማ በፊቷ ትለይና እሱ ሲያልቅ ትነሳለች፤ በሞቴ ቢሏት ትስቃለች። ወጡ ላይ ዘይቱ ቀነሰ፣ ጎመኑ በዛ። ባጃጁንም ተወች። ከሱቅ በእግሯ ትመለሳለች፤ ጠዋት ደግሞ ሱቅ ሳትከፍት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ሐይቁ ዳር ደርሳ ትመጣለች።

የመንገድ ጓደኛዋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበረች። አክስቴ ሶላቷን ሰግዳ፣ እትዬ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ይገናኛሉ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ እትዬ አስካለ ገዳሙን ከሩቅ ትሳለምና ሁለቱም ይመለሳሉ። እኔም አብሬ እንድሄድ ተፈረደብኝ።

"ምነው ሞሚና፣ ዛሬ ጥለሽኝ ሄድሽሳ" ትላለች እትዬ አስካለ ከኋላ።

"አንቺ ከቅዱሳንሽ ጋር አውርተሽ እስክትጨርሺ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ" ትላለች አክስቴ።

"እግርሽ ሲቀል ምላስሽም አብሮ ቀለለ።"

መጀመሪያ አክስቴ መንገዱ ላይ ያለችውን ዳገት ስትወጣ እየቆመች ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። ኋላ ኋላ መንዙማ እያንጎራጎረች ትወጣት ጀመር። ቀሚሷ ሰፋት። ጤና ጣቢያም ስኳርሽ ወርዷል፣ በዚሁ ቀጥዪ አሏት።

እኔስ ደስ አለኝ? አላለኝም። አፍር ነበር። አንድ ቀን አንዲት የክፍሌ ልጅ መንገድ ላይ አይታን ክፍል ስንገባ፣ "ሰዓዳ፣ ጠዋት ጠዋት የምትነጃቸው ለየትኛው ገበያ ነው?" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እነሱ ስቀው ረሱት፤ እኔ ቋጠርኩት። ያሳቀችብኝ እሷ፣ የቋጠርኩት በአክስቴ ላይ። ይህ ምን ዓይነት ልብ ነው?

እኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር "አማረብሽ፣ ተመችቶሻል" ይባላል። ሲከሳ ፊት ለፊት "ምን ነካሽ" ይባላል፣ ከኋላ ሌላ ይባላል። ያን ጊዜ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ሀያት ታጭታ ሽማግሌ ይመላለስ ነበር። አንዲት ደንበኛ ሱቅ መጥታ፣ "ሞሚና፣ ከሳሽሳ፣ ደህና ነሽ?" አለቻት። አክስቴ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን እጇ ጉንጯን ሲዳብስ አየሁ። የት ላይ እንደምመታት ያን ቀን አወቅሁ።

ዓርብ ከሰዓት ሱቅ ዘግታ ቤት ውስጥ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። "አክስትዬ፣ ባልነግርሽ ይሻለኝ ነበር" አልኳት። "ሰው፣ ያ ስሙን የማይጠሩት በሽታ ይዟት ነው የከሳችው እያለ ነው።"

"ማን ነው እንዲህ የሚል?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ስም ያስፈልግ ነበር። "እትዬ አስካለ" አልኩ። አላበቃሁም፤ "ለሀያት አማቶችም ሳይደርስ አይቀርም" አልኩ።

ማጠፏን አላቆመችም። "አስካለ እንኳ..." አለችና ተወችው። የመጨረሻውን ልብስ አጥፋ፣ "ስኳሩን አምጪው" አለችኝ።

አመጣሁላት። እንዳትሰጪኝ ብላ አደራ ያለችኝን በገዛ እጄ ሰጠኋት።

በማግስቱ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆማ ስትጠራ፣ "አሞኛል በያት" ተባልኩ። አልኳት። ደጋግማ መጣች፤ ኋላ መምጣቷን ተወች። አክስቴ ሰርጉ እስኪደርስ በላች። አምሯት አይደለም የበላችው፤ ስሟን ለማጥራት ነው የበላችው። በሰርጉ ቀን ሰው ሁሉ "ሞሚና፣ አማረብሽ" አላት። ከሰርጉ በኋላም ወደ መንገዱ አልተመለሰችም። እኔም ጠዋት ጠዋት እስኪበቃኝ ተኛሁ። ለእንቅልፍ ነው የሸጥኳት።

አምና እግሯን ምስማር ወጋት፤ ስኳሩ አደንዝዞት ኖሮ አልተሰማትም። ካልሲዋ ላይ ደም አይቼ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቁስሉ አልድን ብሎ ደሴ ተወሰደች፣ ጣቶቿ ተቆረጡ። ሐኪሙ፣ "ጥሩ ጀምረሽ ነበር አሉ፤ ምነው ተውሽው?" ሲላት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

"ሆዴ ነዋ ዶክተር። ሆዳም ነኝ" አለችው።

ወደ እኔ እንኳ አላየችም። እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር፤ ዋጥኩት። የእኔን በደል የራሷ ነውር አድርጋ ስትሸከመው ቆሜ አየሁ።

ከደሴ ስንመለስ እትዬ አስካለ ትኩስ ሾርባ ይዛ መጣች። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "ሞሚና፣ ምን በድዬሽ ነው? ንገሪኝና ልወቀው" አለቻት። እትዬ አስካለ ሳህኑን ለእኔ አቀብላኝ ወጣች። አጥቤ የመለስኩላት እኔ ነኝ። እጄን ይዛ "አንቺ ታውቂያለሽ ልጄ?" ስትለኝ አላውቅም ያልኩም እኔ ነኝ።

አሁን ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ሲቀላለዱ የሰማሁ ይመስለኛል። ጆሮዬን ስጥል የአክስቴ ምርኩዝ ብቻ ነው፣ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ።

እኛ ዘንድ ዒድ ሲደርስ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ አፉ ይባባላል። አንዱ "አፉ በለኝ" ይላል፤ ሌላው ስለ ምኑ ብሎ ሳይጠይቅ "አፉ ብያለሁ" ይላል፤ ያለፈው በደል በዚያ ይቀራል። እኔም በየዓመቱ ብያለሁ፤ አክስቴም ግንባሬን እየሳመች ምራኛለች፣ ምኑን እንደማረችኝ ሳታውቅ። እንዲህ ያለው ይቅርታ ከስርቆት በምን ይለያል?

ባለፈው ዒድ ግን ቀደመችኝ። ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ሰዓዳ፣ በዚህ እግሬ የተነሳ ልጅነትሽን በላሁት። አፉ በይኝ" አለችኝ።

"አፉ ብያለሁ" አልኩ። ሰማችሁ? እኔ ነኝ እሷን ይቅር ያልኳት።

ከዚያ ወዲያ መሸሽ አልቻልኩም፣ ጻፍኩት። ሳነበው አንዳንዱ ቦታ ያምራል፤ ማማሩ ያሳፍረኛል። ሐኪሙ ዛሬም ቀስ እያልሽ ተራመጂ ይላታል፤ እሷ ግን "ከማን ጋር?" ብላ ትቀመጣለች። ለዛሬ ከሰዓት እትዬ አስካለን ጠርቻታለሁ። ሁለቱም ባሉበት ይህን ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። አፉ በሉኝ አልልም፤ ያን ቃል ካወጣሁ አክስቴ ሳታስጨርሰኝ ትምረኛለች፣ አውቃታለሁ። መጀመሪያ ትስማው። ትቆጣ። ከፈለገች ወደ አባቴ ቤት ትመልሰኝ። እናንተም ልጅ ነበረች፣ አታውቅም ነበር አትበሉልኝ። አውቅ ነበር።